ከእሳት ከወረደ ስንት ደቂቃ ሆነው?

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምዳችን ከቤተሰብ ጋር ውጭ አገር ሲጓዙ የመንገድ ዳር ምግብ ስለ መቅመስ የደረሱንን ጥያቄዎች ይዟል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ባንኮክ ልንሄድ ነው፤ ልጆቹ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። መንገድ ዳር ከተደረደሩት ጋሪዎች የሚበላበትን በምን እንለያለን? ሰው የተሰለፈበትን ምረጡ ይሉናል፤ እሱ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ሰልፍ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥሩ የሚሆንበትን ምክንያት ካላወቁ ግን ያሳስታል። ጥቅሙ ምግቡ ሳይቆይ ተሽጦ ማለቁ ነው። ስለዚህ ፊትዎ በሚጠበስበት ጋሪ ላይ የቆመ ሰልፍ ዋጋ አለው። ጠዋት ተሠርቶ በትሪ ለተደረደረ ምግብ የቆመ ሰልፍ ግን ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ደኅንነቱ አይመሰክርም። «የአገሩ ሰው ይበላው የለ?» የሚለውም ግማሽ ማስረጃ ነው። ተጓዦችን በብዛት ለተቅማጥ የሚዳርገውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ዝርያ የአገሩ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያገኘው ሰውነቱ በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል። የእርስዎ ልጆች ግን ለእሱ እንግዳ ናቸው።

ከሰልፉ በፊት ሊጠይቁ የሚገባዎት ይህ ምግብ ከእሳት ከወረደ ስንት ደቂቃ ሆነው የሚለውን ነው። ባክቴሪያ በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይራባል፤ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። አንዷ በ2 ሰዓት 64፣ በ4 ሰዓት 4,096 ትሆናለች፤ በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን ታልፋለች። ለዚህ ነው የተሠራ ምግብ ደጅ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለው፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ባንኮክ ቀትር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ32 ስለምትበልጥ እርስዎ የሚቆጥሩት 1 ሰዓቱን ነው።

ከማዘዝዎ በፊት አምስት ደቂቃ ራቅ ብለው ቆመው ይመልከቱ። መጀመሪያ እጅ። ብር የተቀበለው እጅ ተመልሶ ምግብ ይነካል? ጓንት ማድረጉ ብቻውን አያጽናናዎ፤ በዚያው ጓንት ብር የሚቆጥር ሻጭ ባዶ እጁን አዘውትሮ ከሚታጠበው ይብሳል። አንዱ እያበሰለ ሌላው ሒሳብ የሚቀበልበት ጋሪ ከሁሉ ይሻላል።

ቀጥሎ ጥሬውና የበሰለው እንዴት እንደተለያዩ ይዩ። ፍም ላይ በሚጠበስ ሥጋ ዘንድ ስህተቱ የሚፈጸመው ጉጠቱና ብሩሹ ላይ ነው። ሻጩ ጥሬውን ዶሮ ያስቀመጠበትን ጉጠት ሳያጥብ በዚያው የበሰለውን ያነሣል። ወይም ጥሬው ላይ ማጣፈጫ የቀባበትን ብሩሽ፣ ሥጋው ከበሰለ በኋላ «እንዲያበራ» ብሎ አንዴ ይደግምበታል። ያን ጊዜ እሳቱ ያጸዳው ሁሉ ይመለሳል። ይህን ካዩ በትሕትና ያልፉት፤ ወይም ሥጋው ከተቀባ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ እሳቱ ላይ እንዲቆይ በምልክት ይጠይቁ።

ሦስተኛው ከእሳቱ በኋላ የሚጨመረው ነው፤ ጠንቃቃ ሰዎችም የሚዘነጉት እሱን ነው። ሾርባው እየፈላ ይቀዳል፣ ላዩ ላይ ግን አንድ እፍኝ ጥሬ የማሾ ቡቃያ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ድልህ ይጣልበታል። ቡቃያ የሚበቅለው ባክቴሪያ በሚወደው ሙቀትና እርጥበት ነው። «ከሾርባው ጋር አፍላው» ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ሻጮች ወንፊት ማንኪያቸው ላይ አድርገው ወዲያው ያደርጉታል። ድልሁን ልጆቹ ይተዉት።

ሩዝ ለብቻው መነሣት አለበት። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ ከፈላ ውኃ ይተርፋል። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃና መርዝ ያመነጫል። ያን መርዝ እሳት አያጠፋውም፤ ስለዚህ ለብ ብሎ የዋለን ሩዝ በጋለ መጥበሻ ማገላበጥ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ሆድዎን አያድንም። እንፋሎቱ ከሚወጣ ማብሰያ የሚጨለፍ ሩዝ ይብሉ። ለብ ያለውን ይለፉት፣ የተጠበሰ ሩዝ ቢሆንም።

ሳህኑንም ይዩ። ሳህን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ የሚነከር ከሆነ እርጥብ ሳህን አይቀበሉ፤ በወረቀት ወይም በሚጣል ዕቃ ይጠይቁ። ዘይቱ ደግሞ ምግብ ሲገባበት ወዲያው መፍላት አለበት። ጠቁሮ የሚጨስና ዳር ዳሩን አረፋ የሚይዝ ዘይት ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው፤ ባይመርዝም ሆድ ያውካል።

ሰዓትም ይምረጡ። የቁርስ ጋሪ በማለዳ፣ የማታ ገበያ ደግሞ በሚከፈትበት ሰዓት ጥሩ ነው። ሊዘጋ ሲል የሚቀርብልዎ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ያመሸው ነው። ለመጀመሪያው ቀን ግን ቤት ውስጥ በተሰበሰቡ የምግብ አዳራሾች ቢጀምሩ ይሻላል፤ የቧንቧ ውኃ፣ ወንበርና መጸዳጃ አለ። ባንኮክ በየገበያ ማዕከሉ አላት። ሲንጋፖር ደግሞ የመንገድ ዳር ሻጮቿን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ እንዲህ ዓይነት አዳራሾች አስገብታለች፤ ይህ የምግብ ባህሏ በ2020 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል።

ጥያቄ፦ በረዶ፣ ጭማቂና የተቆራረጠ ፍራፍሬስ? ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

መልስ፦ ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ስለዚህ በረዶው ከተሠራበት ውኃ አይሻልም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ መሐሉ ቀዳዳ ያለው የቱቦ ቅርጽ ያለው በረዶ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ በከረጢት ይመጣል፤ ከትልቅ ግግር ተፈልጦ ከሚቀርበው የተሻለ ነው። ግን ንጹሑም በረዶ በእጅ ወይም በደንበኛ ብርጭቆ ሲዛቅ ይበላሻል። ለልጆች ሕጉን ቀላል ያድርጉት፦ ያለ በረዶ።

የታሸገ ለስላሳ ሲገዙ ጋዝ ያለውን ይምረጡ፤ ተከፍቶ ተመልሶ ከተሞላ ጋዙ ስለሌለው ይታወቃል። የውኃ ጠርሙስ ከሆነ የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት መሰበሩን በጆሮዎ ይስሙ። የጣሳውን አፍ ይጥረጉ፤ በበረዶ ውኃ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ የዋለ ነውና። ፊትዎ የተከፈተ ኮኮነት ጥሩ ነው። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ጥሬ ነው፤ መጭመቂያው ማሽንም በቀን ስንቴ እንደሚታጠብ አይታይም። የፈላ ሻይና ቡና አያሳስብም።

ፍራፍሬ ራሳቸው ልጠው ይብሉ፦ ሙዝ፣ መንደሪን። ተቆርጦ የተደረደረ ሐብሐብ ሁለት ችግር አለበት። ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ሻጩ ደግሞ እንዳይጠወልግ ውኃ ይረጭበታል።

እዚህ ላይ የጋሪውን ስም ሳይሆን ምግቡን መመርመር እንደሚበልጥ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች እንጨምር። ሕንድ ውስጥ ፓኒ ፑሪ የሚባለው ክብ ቂጣ በጋለ ዘይት የተጠበሰ ነው፤ አደጋው ቅርፊቱ ውስጥ የሚሞላው ናና የገባበት ቀዝቃዛ ውኃ ነው። እዚያው ጎን ከምጣድ የሚወጣ ዶሳ (ስስ ቂጣ) ካለ ልጆቹን ወደ እሱ ይውሰዱ። ኢስታንቡል ውስጥ በሩዝ ተሞልቶ የሚሸጠው ሚድዬ ዶልማ ደግሞ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳና የቀዘቀዘ ሩዝ አንድ ላይ ነው። ሎሚ ሲጨመቅበት የሚያጸዳው የሚመስላቸው አሉ፤ ሎሚ ምግብ አያበስልም። ሲሚት (ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ) የሚሸጠው ሰው ሩቅ አይሆንም፣ ልጆቹ እሱን ይብሉ።

ጥያቄ፦ አራት ነን፤ ብዙ ዓይነት መቅመስ እንፈልጋለን፣ ግን ሁለተኛው ጋሪ ላይ ጠግበን እንቀራለን። ልጆቹ ደግሞ ቃሪያ አይችሉም። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ለአራት ሰው አንድ ይግዙ። ከአንድ ጋሪ አንድ ድርሻ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አራት አምስት ጋሪ በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ራት ይሆናል። የወደዱትን ተመልሰው መድገም ይችላሉ። አንዱ ወላጅ ሲሰለፍ ሌላው ልጆቹን ይዞ ቦታ ይይዛል። ልጆች ርቧቸው ገበያ እንዳይገቡ። የራበው ልጅ ያገኘውን የመጀመሪያ ነገር ስለሚይዝ መምረጥ የለም፤ ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ዳቦ ወይም ሙዝ ይስጧቸው። ጋሪዎቹን መጀመሪያ እርስዎ ይመርምሩና «ይኼ ወይስ ያ?» ብለው ሁለት አቅርበው ያስመርጧቸው፤ የመረጠ ልጅ መቅመሱም ይቀልለዋል።

ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ማንኪያና ሹካ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሶፍት፣ ትንሽ መቀስ (በአውሮፕላን ከሻንጣ ጋር ይላክ)፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ ዝርዝር ብር። እጅ በሳሙናና በውኃ 20 ሴኮንድ መታጠብ አለበት። ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ይሁን፤ ግን ቅባት የነካው እጅ ላይ ብዙም አይሠራም፣ ትውከትና ተቅማጥ በሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይም ደካማ ነው። ያኔ መጀመሪያ እርጥብ ሶፍት፣ ከዚያ ሳኒታይዘር።

ስለ ቃሪያ፦ በታይላንድ «ማይ ፔት» ማለት «አያቃጥል» ነው። ግን የሚጨመረውን ቃሪያ ያስቀርልዎታል እንጂ አስቀድሞ ከማጣፈጫው ጋር የተወቀጠውን አያወጣልዎትም። ስለዚህ ለልጅ ማጣፈጫው በኋላ የሚጨመርበትን ምግብ ይዘዙ፣ ማጣፈጫውም ለብቻው በዕቃ ይሰጥዎ። የልጁ አፍ ከተቃጠለ ውኃ አይረዳም፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ ውኃው አፍ ውስጥ ያዞረዋል። ወተት ወይም እርጎ ያጥበዋል።

የሙቀት ቃጠሎም አለ። የኦሳካው (ጃፓን) ታኮያኪ፣ ኦክቶፐስ የገባበት ክብ የሊጥ ጥብስ፣ ላዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የፈላ ሊጥ ነው፤ ለሁለት ከፍለው፣ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ጠብቀው ይስጡ። ለ5 ዓመቱ ልጅ ሥጋውን ከእንጨቱ አውጥተው ይስጡት፤ እየሮጠ እንጨት ይዞ አይብላ። ቋሊማና ወይን በክቡ አይቆረጡም፤ በቁመታቸው አራት ቦታ ይሰንጠቁ፣ ክብ ቁራጭ ጉሮሮን ልክ እንደ ክዳን ይደፍናልና። በሰፊ ስትሮ የሚመጠጡ የታፒዮካ ኳሶችና ያልተፈጨ ለውዝ ለትንሹ ይቅሩበት።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት፣ ከባድ ነው። መንገድ ዳር ፈጽሞ እንዳትበላ ማድረግ አለብኝ?

መልስ፦ የሚሄዱበት አገር ይወስነዋል። ኦቾሎኒ በየማጣፈጫው በሚገባባቸው እንደ ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ባሉ አገሮች፣ ከአንድ መጥበሻ ሁሉም ምግብ ከሚሠራበት ጋሪ እንዳትበላ እንመክራለን። «አልጨምርበትም» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መጥበሻው ግን ከአንዱ ትዕዛዝ ወደ ሌላው ይጠረጋል እንጂ በሳሙና አይታጠብም። ማንኪያውም አንድ ነው። የጋራ መጥበሻ ዘይትም እንደዚያው።

አንድ ነገር ብቻ የሚሸጥ ጋሪ ይፈልጉ፦ የተጠበሰ በቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል። በአገሩ ቋንቋና ፊደል የተጻፈ ካርድ ያዘጋጁ፤ የኦቾሎኒ ፎቶ ይኑርበት። ጽሑፉ «ኦቾሎኒ አትበላም» ብቻ ከሆነ አይበቃም። «ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ዘይት፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ኦቾሎኒ የነካው መጥበሻና ማንኪያ ሊገድላት ይችላል፤ ይህ ምግብ ውስጥ አለ?» ይበል። ሻጩ ካመነታ አመስግነው ይሂዱ። አለርጂዋ ሌላ ለሆነ ልጅ ወላጆችም፦ የዓሣና የሽሪምፕ ማጣፈጫ በደቡብ ምሥራቅ እስያ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ ውስጥ ይገባል። በመካከለኛው ምሥራቅ ደግሞ የተፈጨ ሰሊጥ (ታሂና) በሁሉም ቦታ አለ።

የአድሬናሊን መርፌዋን ሁለት ይያዙ፣ ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ። ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ከሆነ የተለመደው መጠን 0.15 ሚሊግራም ነው፤ ከ30 በላይ 0.3። በፍሪጅም በጋለ መኪናም አይቀመጥም። ትንፋሽ ካጠራት፣ ድምጿ ከጎረነነ ወይም ሽፍታና ትውከት አንድ ላይ ከመጡ ሳይጠብቁ በጭኗ ውጫዊ ጎን ይውጉ፣ ያስተኟት (መተንፈስ ካቃታት ትቀመጥ)፣ አምቡላንስ ይጥሩ። ካልተሻላት ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛውን። የማሳከክ ማስታገሻ ኪኒን የመርፌውን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምን ትተው?

መልስ፦ እየጨሰ የመጣውን ትብላ፤ የቀዘቀዘውን ትተው። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ስለሚራባ «በቅዝቃዜ ተቀምጧል» ማለት ለእሷ ዋስትና አይሆንም፤ ለፅንሱም አደገኛ ነው። ያልፈላ ወተትና አይቡ፣ ቀዝቃዛ የሥጋ ቁርጥ፣ ጥሬ ዓሣ፣ ጥሬ ቡቃያ፣ በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማዮኔዝ፣ ያልበሰለ ሥጋ፣ ተቆርጦ የዋለ ፍራፍሬ ይቅርባት። ለምሳሌ ሜክሲኮ ውስጥ በቆሎው ትኩስ ነው፤ ላዩ የሚቀባው ማዮኔዝና የሚነሰነሰው አይብ ነው አጠራጣሪው። በጨውና ፊትዋ በተቆረጠ ሎሚ ይስጡኝ ማለት ትችላለች። ከጉዞው በፊት ስለ ክትባት ሐኪሟን ታማክር፤ በአፍ የሚወሰደው የታይፎይድ ክትባት የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ስላለበት ለእሷ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ስለ ክትባት ካነሣችሁ፣ ለልጆችስ?

መልስ፦ ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ከ1 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። በመርፌ የሚሰጠው የታይፎይድ ክትባት ከ2 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ። ሁለቱም ተራውን የተጓዥ ተቅማጥ አይከላከሉም፤ ስለዚህ ተከትበናል ብሎ መዘናጋት የለም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ቢታመምስ? የትኛው ምግብ እንደሆነስ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ሁሉም ሰው የሚከሰው የመጨረሻውን ምግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ንጹሕ ነው። ከበላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ድንገት የጀመረ ትውከት ከሆነ፣ ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ ወይም ቁስል ካለበት እጅ የተላለፈ መርዝ ይጠረጠራል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት፣ ኢ. ኮላይ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ ካልበሰለ ዶሮ የሚመጣው ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። ማክሰኞ የታመመ ልጅ የእሑዱን ዶሮ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። የበሉትን በስልክ ፎቶ ማንሣት ለሐኪሙም ይጠቅማል።

ሕክምናው በመጀመሪያ ፈሳሽ መተካት ነው። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የጉሉኮስ ዱቄት) ከአገር ቤት ይዘው ይሂዱ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አራት አምስት ፓኬት። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውኃ ልክ ይበጥብጡ። ጣዕሙ እንዲጥም ብሎ ውኃ መቀነስ ወይም ስኳር መጨመር ያበላሸዋል። የሚሠራው ጉሉኮሱ ጨውን፣ ጨው ደግሞ ውኃን በአንጀት ግድግዳ በኩል ስለሚጎትት ነው፤ ስኳሩ ከበዛ ግን ውኃው ወደ አንጀት ይመለሳል። ለስላሳና ጭማቂ ተቅማጥን የሚያብሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፓኬት ከጠፋ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ያልተከመረ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አስቀድመው ይቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ይድፉትና እንደገና ይሥሩ፣ ጨው የበዛበት ለልጅ አደገኛ ነው። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ከ100 እስከ 200። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በሻይ ማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን አያቋርጥ፤ የሚበላውም ይብላ።

ተቅማጥ የሚያስቆመው ሎፔራማይድ ለትናንሽ ልጆች አይሰጥም። አዋቂም ቢሆን ደም ወይም ትኩሳት ካለው አይውሰደው። ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሚጠጣውን ሁሉ መመለስ፣ የተሰረጎዱ ዓይኖች፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ ለ8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት ወይም መፍዘዝ ካዩ ማታም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ምልክቱን ሳይጠብቁ። ከተመለሱ በኋላ ከ2 ሳምንት ያለፈ ተቅማጥ ጃርዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ የነበሩበትን አገር ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከማታ ገበያ ገዝተን ሆቴል ወስደን ብንበላው ችግር አለው?

መልስ፦ ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት ሆቴል ሲደርሱ ሳይሆን ሻጩ ፌስታሉን ሲያስርልዎ ነው። ሞቃት ምሽት ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ይብሉት። የሆቴል ክፍል ትንሿ ፍሪጅ ትኩስ ምግብን በፍጥነት የማቀዝቀዝ አቅም ስለሌላት እሷን ተማምነው ለነገ አያስቀምጡ። ማይክሮዌቭ ካለ መሐል ላይ እያገላበጡ ሁሉም ቦታ እስኪጨስ ያሙቁ። የቆየ ሩዝ ከሆነ ግን ቢሞቅም አይሆንምና ይጣል።